ኤድዋርድ ሃርትሊ አንግል (1855–1930)፦ የጥርስና የመንጋጭላ አገጣጠም ሕክምና ፈር ቀዳጅ ሕይወትና ትምህርቱ ለምዕራብ ጎንደር ቆላማ ወረዳዎች ያለው ፋይዳ

መግቢያ

አማርኛ የጥርስን አቀማመጥ የሚገልጹ ቃላት አያጣም። የላይኛው የፊት ጥርሱ ወደ ውጭ የወጣ ሰው ገጣጣ ይባላል፤ በሁለቱ የፊት ጥርሶች መካከል ያለ ክፍተት ፍንጭት ነው፤ አንዱ ጥርስ በሌላው ላይ ሲበቅል ድርብ ጥርስ እንላለን። እነዚህ ቃላት ከንፈር ሲገለጥ ዓይን የሚያየውን ይሰይማሉ። የላይኛውና የታችኛው ጥርስ ሲነክስ እንዴት እንደሚገጥም፣ መንጋጭላውም ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማዘንበሉን ግን አይናገሩም። በዛሬው ክሊኒክ ሐኪሙ በሕሙማን ካርድ ላይ አንደኛ ክፍል፣ ሁለተኛ ክፍል፣ ሦስተኛ ክፍል እያለ የሚጽፈው አመዳደብ ይህን ክፍተት የሚሞላ ሲሆን፣ ምንጩም አንድ ሰው ነው። እርሳቸውም አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ኤድዋርድ ሃርትሊ አንግል ናቸው።

ይህ አጭር ጽሑፍ የአንግልን ሕይወትና ሥራ በቅደም ተከተል ካቀረበ በኋላ፣ ከትምህርታቸው ውስጥ በመተማ፣ በቋራና በአካባቢው ቆላማ ወረዳዎች ሕፃናትን ለሚመረምር ባለሙያም ሆነ ተመራማሪ የሚጠቅመው የትኛው እንደሆነ፣ በጥንቃቄ መታየት ያለበትስ የትኛው እንደሆነ ይመረምራል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነት፣ ትምህርትና የመጀመሪያ ዓመታት

አንግል ሰኔ 1 ቀን 1855 በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ግዛት፣ ብራድፎርድ በተባለ የገጠር አውራጃ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ እጃቸው ለብረታ ብረትና ለመሣሪያ ሥራ የተፈታ ነበር፤ ይህም ችሎታ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ አልተለያቸውም። በአንድ የጥርስ ሐኪም ዘንድ በረዳትነት ከተለማመዱ በኋላ ፊላደልፊያ በሚገኘው የፔንሲልቬኒያ የጥርስ ቀዶ ሕክምና ኮሌጅ ገብተው በ1878 ተመረቁ። ሥራ የጀመሩትም በተወለዱበት አውራጃ፣ ቶዋንዳ በተባለች ከተማ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የመተንፈሻ አካል ሕመም ያዛቸው። ደረቅና ቀዝቃዛ አየር ይሻላል ተብሎ በ1881 ወደ ሚኒሶታ ተዛወሩ፤ ከዚያም ሙያቸውን ለጊዜው ትተው በሞንታና በግ እርባታ ሞከሩ። ከባድ የክረምት ቅዝቃዜ መንጋውን ስለጨረሰባቸው ኪሳራ ተሸክመው ወደ ሚኒያፖሊስና ወደ ጥርስ ሕክምና ተመለሱ።

በዚያ ዘመን የጥርስን አቀማመጥ ማስተካከል ራሱን የቻለ ሙያ አልነበረም። ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር በ1728 ባሳተሙት መጽሐፍ ጥርስን በማሰሪያ ወደ ቦታው ስለመሳብ ጽፈው ነበር፤ በአሜሪካም ኖርማን ኪንግስሊ በ1880 ስለ አፍ ውስጥ ጉድለቶች ሰፊ መጽሐፍ አሳትመዋል። ሆኖም እያንዳንዱ ሐኪም ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የራሱን መሣሪያ ከወርቅና ከሽቦ እየቀጠቀጠ ይሠራ ነበር። ከሁሉ በላይ የጎደለው የጋራ ቋንቋ ነበር፤ ሁለት ሐኪሞች አንድ ዓይነት ጉድለት አይተው አንድ ዓይነት ስም የሚሰጡበት መንገድ አልነበረም። የአንዱ ልምድ ለሌላው ትምህርት ሊሆን ያልቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

መሣሪያው እና አመዳደቡ

አንግል በሚኒያፖሊስ ማስተማር ከጀመሩ በኋላ ያተኮሩባቸው ጉዳዮች ሁለት ነበሩ። የመጀመሪያው መሣሪያ ነው። በ1887 በዋሺንግተን በተካሄደው ዘጠነኛው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጉባኤ ላይ፣ ጥርስን ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልጉ ክፍሎች አስቀድመው በወጥ መጠን ተሠርተው እንደ አስፈላጊነቱ የሚገጣጠሙበትን ዘዴ አቀረቡ። ከጉባኤተኞቹ ተቃውሞ ገጠማቸው፤ ዘዴው ግን እየተስፋፋ ሄደ። በዕድሜ ዘመናቸው በርካታ የፈጠራ ባለቤትነት መብቶችን አስመዝግበዋል።

ሁለተኛውና ዘላቂው ሥራቸው በ1899 ያሳተሙት የአገጣጠም ጉድለቶች አመዳደብ ነው። አንግል ከብዙ ጥርሶች መካከል መለኪያ የሚሆን አንድ ቋሚ ነጥብ ፈለጉ፤ የመረጡትም የመጀመሪያውን የላይኛውን ቋሚ መንጋጋ ጥርስ ነው። ይህ ጥርስ በ6 ዓመት ዕድሜ ገደማ ከወተት ጥርሶች ኋላ ይበቅላል። በተስተካከለ አገጣጠም የላይኛው መንጋጋ ጥርስ የፊተኛው የጉንጭ በኩል ጉብታ፣ በታችኛው መንጋጋ ጥርስ የጉንጭ ገጽ ላይ ካለው ስርጉድ መስመር ጋር ይገናኛል።

አመዳደቡም ከዚህ ይነሣል። የመንጋጋ ጥርሶቹ ግንኙነት ትክክል ሆኖ የፊተኞቹ ጥርሶች ከመስመር የወጡ ወይም የተደራረቡ ከሆነ አንደኛ ክፍል ነው። የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ከሚገባው ቦታ ወደ ኋላ ከቀረ ሁለተኛ ክፍል ይባላል፤ ይህም የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ወደ ውጭ በሚያዘነብሉበትና ወደ ውስጥ በሚያዘነብሉበት ሁኔታ ለሁለት ይከፈላል። እኛ ገጣጣ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ንዑስ ክፍል ጋር ይቀራረባል። የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ከሚገባው በላይ ወደ ፊት ከሄደ ደግሞ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ አገጩ ጎልቶ የወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ እዚህ ይመደባል።

የአመዳደቡ ጥንካሬ ቀላልነቱ ነው። ለመመርመር የፀሐይ ብርሃን፣ ንጹሕ እጅና ጉንጭን ገለጥ የሚያደርግ ማንኪያ መሰል ነገር ይበቃል። ከ120 ዓመታት በላይ በዓለም ዙሪያ በሥራ ላይ የቆየውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ትምህርት ቤቱ፣ ማኅበሩና የባሕርያቸው ጥላ

አንግል በቺካጎው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲና በሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኙ ኮሌጆች አስተምረዋል። ሆኖም የጥርስ ኮሌጆች ለአገጣጠም ሕክምና የሚሰጡት የትምህርት ሰዓት አላረካቸውም። ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ልዩ ሙያ መሆን አለበት የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው። በ1900 በሴንት ሉዊስ የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ጥቂት ተማሪዎችን እየመረጡ በአጭር ጊዜ ያሠለጥኑ ነበር። በዚያው ጊዜ ከተማሪዎቻቸው ጋር የአሜሪካ ኦርቶዶንቲስቶች ማኅበርን መሥርተው የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በጥርስ ሕክምና ውስጥ ከተፈጠሩት ልዩ ሙያዎች ኦርቶዶንቲክስ ቀዳሚው ሊሆን የቻለው በዚህ ጥረት ነው።

በ1908 የቀድሞ ተማሪያቸውንና የሥራ አጋራቸውን አና ሆፕኪንስን አገቡ። ወይዘሮ አና ራሳቸው በጥርስ ሕክምና የተመረቁ ነበሩ፤ የባለቤታቸውን ጽሑፎች በማደራጀትና ትምህርት ቤቱን በማስተዳደር ረገድ የነበራቸው ድርሻ ከፍተኛ ነበር። ትምህርት ቤቱ ከሴንት ሉዊስ ወደ ኒው ዮርክ፣ ቀጥሎ ወደ ኒው ለንደን፣ በመጨረሻም ካሊፎርኒያ ውስጥ ወደምትገኘው ፓሳዴና ተዛወረ።

አንግል ለተማሪዎቻቸው ጥብቅ፣ ለሚቃወሟቸው ደግሞ ምሕረት የለሽ መምህር ነበሩ። ከብዙ የሙያ ባልደረቦቻቸው ጋር ተጣልተዋል፤ ጠቡ የግል ጸባይ ብቻ ሳይሆን የሳይንስ ጥያቄም ነበረው። ጥያቄውም ጥርስ ነቅሎ ቦታ መፍጠር ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚል ነው።

የመንቀል ክርክርና የአፖሎ ፊት

አንግል በመጀመሪያዎቹ የመጽሐፋቸው እትሞች አንዳንድ ጥርሶች እንዲነቀሉ ይፈቅዱ ነበር። በ1907 የወጣው ሰባተኛ እትም ግን ፍጹም የተለየ አቋም ያዘ። እያንዳንዱ ሰው የተሟላ የጥርስ ቁጥር ሊኖረው ይገባል፤ ጥርሶቹ በትክክለኛ ቦታቸው ከተቀመጡና በአግባቡ ከሠሩ አጥንቱ ራሱን አስተካክሎ ይሸከማቸዋል፤ ፊትም በዚያው መጠን ውበቱን ያገኛል የሚል ነበር። ለፊት ውበት ምሳሌ ያደረጉትም አፖሎ ቤልቬዴሬ የተባለውን ጥንታዊ ሐውልት ነው።

ካልቪን ኬስ የተባሉ የቺካጎ መምህር ይህን አቋም ተቃወሙ። አንዳንድ መንጋጭላ ሁሉንም ጥርስ የሚያስተናግድ ስፋት በተፈጥሮው የለውም፤ በግድ ቢሰፋ ፊትን ያበላሻል፤ ጥርሱም ተመልሶ ይዛባል ብለው ተከራከሩ። በ1911 በአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ጉባኤ ፊት ኬስና የአንግል ደቀ መዝሙር የነበሩት ማርቲን ዲዊ ያካሄዱት ክርክር በሙያው ታሪክ ዝነኛ ነው። ለጊዜው ያሸነፈው የአንግል ወገን ነበር።

አንግል በዕድሜያቸው ማምሻም መሣሪያቸውን ማሻሻል አላቋረጡም። በ1928 ይፋ ያደረጉት፣ አራት ማዕዘን ሽቦ በአራት ማዕዘን ስንጥቅ ውስጥ የሚገባበት ስልት ጥርስን በሦስት አቅጣጫ ለመቆጣጠር አስቻለ። ዛሬ በከተሞቻችን ወጣቶች ጥርስ ላይ የሚታየው የብረት ማስተካከያ የዚህ ሥራ ዝርያ ነው። አንግል ነሐሴ 11 ቀን 1930 በካሊፎርኒያ አረፉ። በስማቸው የተሰየመው የሙያ መጽሔት በ1931 መታተም ጀምሮ እስካሁን አለ።

የአንግልን ትምህርት ያረሙት የራሳቸው ተማሪዎች ናቸው። ቻርልስ ትዊድ የመምህራቸውን ሕግ ለዓመታት በታማኝነት ከተከተሉ በኋላ፣ ያከሟቸው ሕሙማን ጥርሶች ወደ ፊት እየገፉ መምጣታቸውንና ውጤቱ አለመጽናቱን አስተዋሉ። ከእነዚህ ሕሙማን ብዙዎቹን ያለ ክፍያ እንደገና አከሙ፤ በዚህ ጊዜ ግን ቅድመ መንጋጋ ጥርሶችን ነቅለው ነበር። በ1940ም የ100 ሕሙማንን ውጤት ለባልደረቦቻቸው አቀረቡ። ሌላው ተማሪ ሆሊ ብሮድቤንት በ1931 የራስ ቅልን በወጥ አቀማመጥ በኤክስሬይ የማንሣት ዘዴን አስተዋወቁ። በዚህም ጉድለቱ የጥርስ ብቻ ነው ወይስ የመንጋጭላ አጥንትም ነው የሚለው ጥያቄ በልኬት መመለስ ተቻለ፤ የመንጋጋ ጥርስን ብቻ የሚያየው የአንግል አመዳደብ ይህን አይለይም ነበርና።

ከአንግል ወደ መተማ

የመተማ ስም በታሪክ ጥናት ጎልቶ የሚነሣው ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1889 በወደቁበት ጦርነት ነው። ዛሬ መተማ ዮሐንስ ከሱዳኗ ገላባት ጋር የምትዋሰን የጠረፍ ከተማ ናት፤ ከጎንደር ከተማ በ200 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ደግሞ ገንዳ ውኃ ነው። አካባቢው ሰሊጥና ጥጥ የሚመረትበት፣ በእርሻ ወቅት ብዙ የቀን ሠራተኛ ከደጋው የሚወርድበት፣ ወባና ካላዛር የሚበረቱበት ቆላ ነው።

በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ከቆየ ልማድ አንዱ ግግ ማስወጣት ነው። ጥርስ ሊያበቅል የተቃረበ ሕፃን ሲያተኩሰው፣ ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው፣ በክራንቻ ጥርሱ ቦታ ድዱ ላይ ነጣ ብሎ የሚታየው እብጠት የበሽታው መንሥኤ ተደርጎ ይቆጠራል። የልማድ ሐኪሙ ድዱን በስለት ቀድዶ ገና ያልጠነከረውን የወተት ክራንቻ ፈልቅቆ ያወጣዋል። ለስላሳው የጥርስ ፅንስ ትል ስለሚመስል እምነቱ በዓይን የተረጋገጠ ይመስላል። ልማዱ ድንበር አያግደውም፤ በሱዳንም ሃይፋት በሚል ስም ይታወቃል፤ በዚያ የተደረገና በ1992 የታተመ ጥናት ከዚህ ልማድ ጋር የተያያዘ የወተት ክራንቻ ጉዳት መኖሩን አሳይቷል። ቤተ እስራኤላውያን፣ ብዙዎቹ ከጎንደር ምድር በሱዳን በኩል አቋርጠው እስራኤል ከገቡ በኋላም፣ በልጆቻቸው ላይ የተደረገ ምርመራ በ1994 ታትሟል፤ ክራንቻ የማውጣት ልማድንና ከእርሱ ጋር የሚታዩትን የጥርስ ጉድለቶች መዝግቧል።

የጉዳቱ አሠራር ግልጽ ነው። የቋሚው ክራንቻ ፅንስ በወተት ክራንቻው አጠገብ በአጥንት ውስጥ ይገኛል። ስለቱ ከወተት ጥርሱ አልፎ ከነካው ቋሚው ጥርስ ቅርጹ ይበላሻል፣ ከቦታው ውጭ ይበቅላል ወይም ጭራሽ ሳይበቅል ይቀራል። ጎረቤት ጥርሶች ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላሉ፤ ጉዳቱ በአንድ ወገን ከሆነ የፊት ጥርሶች መካከለኛ መስመር ወደዚያው ይሸሻል። ደም መፍሰስ፣ የቁስል ማመርቀዝና በደም የሚተላለፉ በሽታዎች ደግሞ ቅርብ አደጋዎች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ነጥብ አለ። ድዱ የሚቀደደው ሕፃኑ ገና በወራት ዕድሜ ሳለ ነው፤ ቋሚው ክራንቻ ግን የሚበቅለው ከ9 እስከ 13 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። በምክንያትና በውጤት መካከል አሥር ዓመት ገደማ አለ። የሕፃኑ ትኩሳት በራሱ ጊዜ ሲለቅ እናት ልማዱን ታመሰግናለች፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የልጇ ጥርስ ሲዛባ ግን ከዚያ ቀን ጋር የሚያያይዘው ሰው የለም። ልማዱን ያቆየው የእናቶች ቸልተኝነት አይደለም፤ ይህ የጊዜ ርቀት ነው።

ለተመራማሪ የሚቀሩ ትምህርቶች

ከአንግል ሕይወት ሦስት ነገሮች ለዚህ አካባቢ ጥናት ይጠቅማሉ።

የመጀመሪያው የጋራ መለኪያ ነው። የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ጥርስ የሚበቅልበት ጊዜ ልጆች ትምህርት ቤት ከሚገቡበት ዕድሜ ጋር ይገጥማል። ስለሆነም በገንዳ ውኃም ሆነ በቋራ ትምህርት ቤቶች ያለ ውድ መሣሪያ መመርመር ይቻላል። ነገር ግን አመዳደቡ ጥርሶች በተፈጥሮ ሥርዓት በቅለዋል ብሎ ይነሣል። ክራንቻው በስለት በጠፋበት አፍ ውስጥ ጎረቤቶቹ ስለሚንቀሳቀሱ የክፍሉ ስም ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ መርማሪው ከመመደቡ በፊት መቁጠር አለበት፤ አራቱ ክራንቻዎች አሉ ወይስ የሉም፣ በድዱ ላይ ጠባሳ ይታያል ወይ፣ እናት ስለ ሕፃንነቱ ምን ታስታውሳለች የሚሉት ጥያቄዎች ከመንጋጋው ግንኙነት ተለይተው መመዝገብ ይኖርባቸዋል። ካልሆነ ሰው ሠራሹ ጉድለት ከተፈጥሯዊው ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። አንግል አንድን የግሪክ ፊት የሁሉ ሰው ልክ ማድረጋቸው የሥራቸው ደካማ ጎን ነበር። በሀገራችን ፍንጭት የቁንጅና ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል፤ በጎንደር ገጠሮችም የተነቀሰ ድድ ለረጅም ጊዜ እንደ ጌጥ ታይቷል። በውጭ የተዘጋጀ መስፈርት እንዳለ ቢወሰድ ፍንጭት ያለባት ወጣት ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች ጋር ትቆጠራለች። የሕክምና አስፈላጊነት መመዘን ያለበት በማኘክ፣ በመናገር፣ በጥርስና በድድ ጤና፣ እንዲሁም ባለጉዳዩ ራሱ በሚሰማው ቅሬታ ነው።

ሦስተኛው ዋናው ነው። አንግል ጥርስ ፈጽሞ አይነቀል ማለታቸው ተሽሯል፤ ከዚያ አቋም በስተጀርባ ያለው አስተሳሰብ ግን፣ ማለትም እያንዳንዱ ጥርስ የመላው አገጣጠም ምሰሶ ነውና ያለ በቂ ምክንያት አይነካ የሚለው፣ ለምዕራብ ጎንደር ሕፃን ሙሉ በሙሉ ይሠራል። የትዊድ መንቀል በልኬት የታሰበ፣ ከነቀሉም በኋላ ክፍተቱን በሽቦ የሚዘጋ ሕክምና ነው። ግግ ማስወጣት ግን ምሰሶውን ነቅሎ ክፍተቱን እንዲያው የሚተው ነው።

የጥርስ ማስተካከያ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ገደማ የሚፈጅና በየወሩ ገደማ ክትትል የሚጠይቅ ነው። ከሰሊጥ ማሳ ወደ ማሳ ለሚዘዋወር ቤተሰብ፣ ልዩ ሐኪሙም በሩቅ ከተማ ላለበት፣ ይህ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ በእነዚህ ወረዳዎች መከላከል የሕክምናው ምትክ ሳይሆን ራሱ ሕክምናው ነው። እናትን ወደ ልማድ ሐኪሙ የሚወስዳት የሕፃኑ ትኩሳትና ተቅማጥ በመሆኑ፣ መፍትሔውም ከዚያ ይጀምራል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለተቅማጥ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ስትሰጥ፣ ለትኩሳት የወባ ምርመራ ስታደርግ፣ በክትባት ቀንም ያ ነጣ ያለ እብጠት ሊበቅል የተዘጋጀ ጥርስ መሆኑን ለእናት በጣቷ ስታሳይ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣውን የአገጣጠም ጉድለት እየተከላከለች ነው። የእናቶችና ሕፃናት ጤና ጥናትና የጥርስ ጥናት በዩኒቨርሲቲዎቻችን ተለያይተው መሠራታቸው ይህን ግንኙነት ሸፍኖታል።

ማጠቃለያ

ኤድዋርድ አንግል ለሙያቸው ሥርዓት፣ ስምና ትምህርት ቤት ሰጥተዋል፤ ተማሪዎቻቸው ደግሞ መምህራቸው ባስተማሯቸው የማየት ጥንቃቄ የመምህሩን ስሕተት አርመዋል። በምዕራብ ጎንደር ቆላማ ወረዳዎች የሚሠራ ተመራማሪም መለኪያውን ወስዶ፣ የውበት ልኩን ትቶ፣ በአመዳደቡ ውስጥ ያልተካተተውን የጠፋ ክራንቻ መመዝገብ ይጠበቅበታል። እንዲህ ያለ መዝገብ በየትምህርት ቤቱ ከተያዘ ዛሬ ድዱ የተቀደደ ሕፃንና ነገ ጥርሱ የተዛባ ተማሪ አንድ ሰው መሆናቸው በማስረጃ ይታያል፤ ለእናቶች የሚሰጠውም ምክር በዚያ ማስረጃ ላይ ይቆማል።